የተዋስኩት የደም ግፊት መለኪያ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤ ከናፍቆትህ በቀር ምን ጎድሎን፣ ሰላም ከርመሃል ወይ?

የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ዝግጅቱ አንገፍግፎኛል። ኬሚስትሪው አልገባ ብሎኛል፤ አማካሪዬ ደግሞ «ውጤት ብቻውን አይበቃም፣ በእጅሽም ተለማመጂ» ትለኛለች። እሺ ብዬ ከክፍል የደም ግፊት መለኪያ ተውሼ እማዬን ለካኋት። ግፊቷ በጣም ከፍ ብሎ ቢያስደነግጠኝ ደግሜ ለካኋት፤ ያው ነው። «መሣሪያሽ ተበላሽቷል፤ አንቺም ገና ተማሪ ነሽ» ብላ ክንዷን ነጠቀችኝ።

ተናድጄ ለመምህራችን መልሼ ወሰድኩለት። በራሱ ክንድ ላይ ሞክሮ «ምንም አልሆነም፣ በደንብ ይሠራል» አለኝ።

ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት «ልብሱን ማን ይጠብልሽ?» ትለኛለች። እኔን ከቁብ አትቆጥረኝም፤ ያንተን ቃል ግን አትጥልም። ሳትውል ሳታድር ደውልላት።

በል ሰላም ሁንልኝ። እማዬ «ደህና ናት ብለሽ ጻፊለት» ብላኛለች፤ ይኸው ጽፌያለሁ።

እህትህ