ጀርባዬ ላይ የቀባሽልኝ ሂና

ለጥሩዬ፣ ለቤቴ እመቤት፤

መልስ እንደማትሰጪኝ አውቃለሁ። በሕይወት ሳለሽም እኔ ስለፈልፍ ዝም ትይኝ ነበርና እንደለመድኩት ብቻዬን ላውራ። ከተለየሽኝ ወዲህ ሰሊጡ ተዘርቶ፣ ታጭዶ፣ ገዳሪፍ ገበያ ገባ። ክፍልሽን ከካርቱም ጦርነት ሸሽታ ለመጣች እናትና ለልጆቿ ሰጥተናታል። ደህና ይተኛሉ፤ አንቺ ብትኖሪ በማንኮራፋትሽ አገር ለቀው ይሄዱ ነበር።

ወገቤ ግን ብሶበታል። ያን ሁሉ ዘመን የተሸከምኩት ጆንያ አሁን ነው የሚከብደኝ። ያቺ በሽቦ እየነዘረች ሕመሜን የምታስታግስልኝ ማሽን ሣጥንሽ ላይ እንደተቀመጠች ነበረች። ሁለቱን ተለጣፊዎች ወገቤ ላይ የምትለጥፊልኝ አንቺ ነበርሽ፤ በሆዴ ተኝቼ የምቀልድብሽ ደግሞ እኔ። ነገር ሳበዛብሽ ቁልፏን ከፍ ታደርጊና ጸጥ ታሰኚኝ ነበር። ቦታው እንዳይጠፋኝ ብለሽም በሁለት ነጥብ ሂና ምልክት አደረግሽልኝ። በስተርጅና ሙሽራ አደረገችኝ ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁብሽ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ጀርባዬን ለማን ልግለጥ? ለምራት ያሳፍራል። ተለጣፊዎቹን አንገረብ አልጋዬ ላይ አንጋልዬ ተኛሁባቸው፤ አንዱ ሸሚዜን አከመ፣ ሌላው የአልጋውን ገመድ። ምራትሽ አዜብ ስቃትት እየሰማች፣ አባባ፣ እኔ ልለጥፍልህ ትለኛለች። ተሽሎኛል እላታለሁ።

ዛሬ ጠዋት ከአልጋ መነሳት አቃተኝና ጠራኋት። አማትሽ የቀባችኝ ምልክት አለ፣ እሱ ላይ አድርጊው አልኳት። እያፈረች ሸሚዜን ገለጠች። ጎንበስ ብላ አየችና፣ አባባ፣ ምንም የለም፣ ለቋል አለችኝ።

ጥሩዬ፣ ሰው የገዛ ጀርባውን የት ያየዋል? እኔ እስከ ዛሬ ያለ መስሎኝ ስታጠብ እንኳ ያን ቦታ ሳሙና አላስነካውም ነበር። ትራሱ ላይ አለቀስኩ። አዜብ ያመመኝ መስሏት፣ እዚህ ነው? እዚህ ጋ? እያለች በጣቷ ፈልጋ አገኘችው። ማሽኗ ነዘረችኝ፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀለል አለኝ።

ሌላ ሂና ልቀባልህ ስትለኝ ግን እምቢ አልኳት። እሷ በየጊዜው በጣቷ ትፈልገው። የግራውን ስትቀቢኝ ቀዝቅዞኝ ጮኬ ነበር፤ የቀኙን ስትቀቢ ሳቅሽ መጥቶ እጅሽ ተንቀጠቀጠ። አንቺ ጋ እስክመጣ ድረስ ያን መንቀጥቀጥ አልረሳውም።

ያው ለፍላፊው ባልሽ