ንጉሡ ከሞተ በኋላ የቀረችው ንግሥት

ተሾመ፣ የቤቴ ጌታ፣

ካረፍክ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሱቁን አልዘጋሁትም። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ፣ ሆስፒታል ተኝተህ የሚያስጨንቅህ እሱ ስለነበር ነው። "እኔ ከሌለሁ አከራዩ አያኖርሽም፤ ዝጊውና ኢስተን የገበያ ማዕከል ሥራ ፈልጊ" ብለኸኝ ነበር።

እውነትህን ነው፤ ሰውዬው ቂም ይዞብህ ነበር። ጣሪያው ያፈሰሰ ጊዜ በደንበኛ ፊት የጮህክበትን አልረሳም። ሊዙን፣ የሱቁን የኪራይ ውል፣ አላድስም ብሎ ጻፈልኝ። ሁሉም ሰው ጠበቃ ያዢ አለኝ። እኔ ግን ትዝ ያለችኝ የኪን ንግሥት ናት።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ኪን፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ መጥታ የምታወራልን የአገሯ የበርማ የጥንት ንግሥት። የገበሬ ልጅ ሆና የቁጡ ንጉሥ ሚስት የሆነችው። እሱ ሲቆጣ ዝም ትላለች፤ ሲበርድለት ትመክረዋለች። አንተ "ይቺማ የኔዋ ናት!" ስትል፣ ኪን "ንጉሡም አንተን ነው የሚመስለው" ብላ አፍህን ታስይዝህ ነበር።

እኔም ሦስት ወር ዝም አልኩ። ከዚያ ሽማግሌ ላክሁበት። ጋሼ ደምሴ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ኪን ለማስተርጎም ከጎናቸው ሆና፣ ከከተማችን ዳር፣ ደብሊን ቤቱ ድረስ ሄዱ። ተቀመጡ ሲላቸው ጋሼ እንደ ደንባችን ቆሙ። ሰውዬው ወንበሩ ያልተመቻቸው መስሎት ሌላ አመጣ። ቀጥሎም ሦስተኛ። ሶፋውን መጎተት ሲጀምር ኪን ሳቋ አመለጣትና "ወንበሩ አይደለም፤ እሺ ካላልክ አይቀመጡም" አለችው። ሰውዬው ጎንበስ እንዳለ ሳቀ። ጋሼም ስለ አንተ ይቅርታ ጠየቁት። እሺ አለ። ተቀመጡ።

ሊዙ ለአምስት ዓመት ታደሰ፤ ጣሪያውንም አሠራ!

አንድ ቀን ኪንን "ንጉሡ ሲሞት እሷስ ምን ሆነች?" ብለህ ጠይቀሃት፣ ደንበኛ ገብቶ መልሱን ሳትሰማ ቀረህ። እኔ ጠየቅኋት። ንግሥቲቱ በቤተ መንግሥቱ ቀረች። ከእሱ በኋላ የነገሡትም ምክሯን ይሰሙ ነበር አሉ። ስሟንም ድንጋይ ላይ አስቀርጻ አለፈች።

እኔ ድንጋይ የለኝም፤ የክሊቭላንድ አቬኑው ሱቃችን መስታወት አለኝ። በሩ ላይ የደበዘዘውን ስምህን እንደገና አስጽፌዋለሁ፤ ከሥሩ የኔን ጨመርኩ። በየጠዋቱ ቁልፉን ስከት መጀመሪያ የማነበው ያንተን ነው። ይህን በር የምከፍት እኔ እስከሆንኩ ድረስ ማንም አይፍቀውም።

ሚስትህ አልማዝ