በአስፋው ጀርባ የተቀበሩት እንክብሎች

ሰኞ፣ ጥቅምት ፮ ቀን ፲፱፻፶፬

ልብስ አጠብሁ። የአስፋው ሸሚዝ ዛሬም ጀርባው ቅቤ። እኔ ራሴን ከተቀባሁ ከርሜአለሁ፤ ታዲያ ይኼ የማን ነው? አልጠየቅሁትም። ጠርጣራ ይለኛል። ይበል።

ማስታወሻዬ፣ ክረምት ላይ ይኼ ባሌ ከአልጋ መነሣት አቅቶት ነበር። ፊቱ ጠቁሮ፣ ጨው ሲልስ እየዋለ። የአ.አ. ሐኪም ከኩላሊቱ በላይ ያለው ዕጢ ሥራ አቁሟል ብሎ፣ ከትከሻው ዝቅ አድርጎ ቆዳውን በጥቶ ሽምብራ የሚያካክሉ ሦስት እንክብሎች ቀበረለት። እዚያው ሆነው ቀስ እያሉ ይሟሟሉ፣ እስከ ፋሲካ ያደርሱታል አለን። ይኸው ቆሞ እዚህ አሰበ ተፈሪ ሳይንስ ያስተምራል። የዳነው ለማን እንደሆነ እንጃ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት ፰

ከት/ቤት ዘገየ። ስብሰባ ነበር አለ። የዲሬክተሩን ሚስት ጠየቅሁ፤ ባሏ ከቀትር ጀምሮ ቤቱ ነው። እሺ። ወደ በደሳ በሚወስደው መንገድ ያለችው ጠጅ ሻጭ ናት እላለሁ። ቅቤ ከራሷ አይጠፋም።

እግሩ አብጧል፣ ጫማው እምቢ አለ። ራሱን ያመዋል። ተደብቆ ጨው ይልሳል ብዬ የጨዉን ዕቃ ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት።

ዓርብ፣ ጥቅምት ፲

የክሊኒኩ ድሬሰር አቶ ዘለቀ መጡ። ደም ግፊቱን ለክተው ፊታቸው ተለወጠ። መድኃኒቱ ከልክ በላይ እየገባበት ይመስላል አሉ። እንዴት? እንክብሉ በራሱ አይቸኩልም፣ እሳቸውም አልገባቸውም። አስፋው ጣራ ጣራውን ያያል። እኔ አሁን አቶ ዘለቀንም ጠረጠርኩ። መርፌ ጨምረውበት ይሆን?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት ፲፩

ተከተልኩት። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ። የጠጅ ሻጯን ደጅ አልፎ ሄደ። አፈርኩ፤ ግን አልተመለስኩም። ከመስጊዱ ጀርባ ወጌሻዋ አዴ ሙሚና ቤት ገባ። ተከትዬ ገባሁ። ሸሚዙን አውልቆ በሆዱ ተኝቷል፣ እሳቸው በቅቤ ያሻሉ። ሳቄ መጣ፤ ሌላ ሴት የለችም። ከዚያ እጃቸው የት ላይ እንዳለ አየሁ፤ ሐኪሙ ከበጣው ላይ።

«ቁጭ በይ ልጄ» አሉኝ። «ይኼ እብጠት ጠንካራ ነበር። ሁለቱ ተሰብሯል፣ አንዱ ቀርቷል። ኢንሻአላህ እሱም ይጠፋል።»

እሳቸው ምን ያድርጉ። እብጠት እሹልኝ ነው ያላቸው፤ መድኃኒት ነው አላላቸውም።

ቤት ስንገባ ተናገረ። ጥቂት ሟሙቶ እንዲህ ካነሣኝ፣ ቶሎ ቢሟሟ ፈጥኜ እድናለሁ ብዬ ነው አለ። ለተማሪዎቹ የሚያስተምረው ነው፤ አሞሌው ውሃ ውስጥ ይቆያል፣ የተወቀጠው ጨው ወዲያው ይሟሟል። ትምህርቱን በገዛ ጀርባው ሞከረው። ወጌሻ ቤት አትሂዱ እያለ ልጆቹን የሚቆጣው ሰውዬ! ለአቶ ዘለቀ እንዳትነግሪ ማይልኝ አለ። አልማልኩም። እምቢም አላልኩም።

እሑድ፣ ጥቅምት ፲፪

ሲተነፍስ ያፏጫል። ፊቱ አብጦ ዓይኑ ጠቧል። ፈራሁ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አቶ ዘለቀ ቤት ጎራ አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ቅቤውንም። አልሳቁም። በአንዴ የፈሰሰበት መድኃኒት ልቡን ሊያደክመው ይችላል፤ ይኼ ቢያልፍ ደግሞ ለፋሲካ የተባለው ቀድሞ ያልቅና እንደ ክረምቱ ይወድቃል አሉ። እዚህ የሚያክመው የለም። ነገ ጧት ሚኤሶ ወርደን፣ በባቡር አ.አ.። አብሬያችሁ እሄዳለሁ አሉ። እኚህን ሰው ነው የጠረጠርኩት።

አስፋው ሰማ። አሰበ ተፈሪ ሁሉ ይሥቅብኛል ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሻንጣውን ብቻዬን አዘጋጀሁ። ዕድሜ ልኬን አላናግርሽም አለኝ።

ይሁን። ዕድሜውን ብቻ ያርዝመው።