በሸክላው ላይ ስሜን የጠራሽው

እህትዓለም፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ? ክረምቱን ሙሉ ሲያስጨንቅሽ የነበረው ሳል ለቀቀሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ጥርሴ ቢያልቅም የበቆሎ ዳቦና ባቄላ አላስተርፍም። እጄ ግን ዛሬም ፊደል አያውቅም፤ የምትጽፍልኝ የልጄ ሚስት ትዋይላ ናት። ያልኩትን እንዳለ ጻፊ፣ አታሳምሪው ብያታለሁ።

ፈርቻለሁ። ይህን ቃል ከአፌ ሰምተሽው አታውቂም። ወንዙ ሞልቶ ጥጡን ከነቤታችን ሲወስደው እንኳ አላልኩትም። አሁን ግን ፈርቻለሁ፤ ካንቺ በቀር ለማንም አልናገረውም።

ሰሞኑን ዮስት የሚባል ቀውላላ ሰውዬ ከሆላንድ ድረስ መጣብኝ። ሥራው የተረሳ የዘፈን ሸክላ ማሳደድ ነው፤ ከዶሮ ቤትም ይሁን ከሟች ቤት ዕቃ ሽያጭ እየጎረጎረ ያወጣል። አንዲት ትንሽ ሸክላ እንደ እንቁላል በጨርቅ ጠቅልሎ ገባ። የዘፋኙ ስም ዳስቲ ማርሎ ነው አለኝ። አላውቀውም አልኩት። «አንተ ነህ» አለኝ። «ሰውዬ፣ እኔ ቨርለን ነኝ። ሻይህን ጠጣና መንገድህን ቀጥል» አልኩት።

አልሄደም፤ ሸክላዋን አዞራት። ጊታሩ ገባ፣ ቤዝ ጊታሩ እንደ ፈረስ ኮቴ እየደለቀ ተከተለው፤ አንድ ጎረምሳ ጭራዋን እንደረገጧት ድመት ይጮሃል። ያን ዘፈን በዕድሜዬ ሰምቼው አላውቅም። ትዋይላ «አባባ፣ ያንተ ድምፅ እኮ ነው!» ብላ አጨበጨበች። ልጄማ «አባዬ፣ እንዲህ ታብድ ነበር? እኛን ግን ጸጉራችሁ ረዘመ ብለህ ስትገርፈን!» ብሎ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም። ያን ጎረምሳ አላወቅሁትማ!

ጊታሩ ለብቻው ሊገባ ሲል አንዲት ልጅ ጮኸች፦ «በለው ቨርለን!»

አንቺ ነሽ። ድምፅሽን ከሺህ ሰው መሐል አወጣዋለሁ። ያኔ ነው የፈራሁት። አንቺ እዚያ ከነበርሽ እኔም ነበርኩ ማለት ነዋ።

ዘፈኑን የቀዳልን ሽማግሌ ሳይሞት ለዮስት ነግሮታል። መዝሙር የሚዘምር ሰው ሮክ ሲቀዳ በሌላ ስም ነበር የሚያወጣው፤ ሰባኪያችን ወንድም ሆሊስ ከነጉባኤው ከጸሎት ቤት እንዳያባርረን ተደብቀን ቀዳነው አሉ። ስሜን ደብቀን ስናበቃ አንቺ ቤዙን እየደለቅሽ ሞቅ ሲልሽ በጩኸት አወጣሽው! ሽማግሌው ቢቆጣም እንደገና ቢቀዳ ያ ሙቀት እንደማይገኝ አውቆ እንዲሁ አተመው። ዮስት ያገኘኝ በዚያች ጩኸት ነው።

አባታችን ትዝ ይልሻል? መጀመሪያ መዝሙሮቹ ጠፉበት። ቀጥሎ የበቅሎዋ ስም። በመጨረሻ እናታችን ሾርባ ይዛ ስትገባ «ይህች ሴትዮ የማን ናት?» አለ። በሩ ጋ ቆመን ሰምተነዋል፣ እኔና አንቺ።

ቅዳሜ በከተማው አዳራሽ ያን ዘፈን ዝፈንልን ብለውኛል። አልችልም ማለት አልወድም፤ እሺ አልኩ። ትዋይላ ግጥሙን ታስጠናኛለች፤ ጠዋት የያዝኩት ለምሳ አይደርስም። ግን ሸክላዋ ዞራ አንቺ ስትጮኺ ጣቶቼ ማንንም ሳይጠይቁ ጊታሩን ያገኙታል። ስለዚህ ነይ። ከአጠገቤ ቁሚና እዚያች ቦታ ላይ ጩኺልኝ።

ቤዝሽን ፍለጋ አትድከሚ፤ እኔ ጋ ሳሎን ጥግ ቆሟል። ማን እንዳመጣው እንጃ። አንገቱ ላይ በጥቁር ጥብጣብ የደረቀ አበባ ታስሮበታል። ትዋይላን ብጠይቃት አቧራውን ትጠርጋለች እንጂ አትመልስልኝም። ላንቺ ስልክ ደውይልኝ ስላት «ደብዳቤ ይሻላል፣ አባባ» አለችኝ። ይኸው አሁንም ብዕሯን አቁማ አፍንጫዋን ትጠርጋለች። ጉንፋን ነው ትላለች። ጻፊ እንጂ አልኳት፤ ይህንንም ጻፊ።

ፈጣሪ ደረትሽን ከብርድ ይጠብቅልኝ፤ መንገድሽንም ያቅናልሽ። ቅዳሜ ዓይኔ በሩ ላይ ነው። እንዳትቀሪብኝ። አንቺ ካልጠራሽኝ ማን መሆኔን በምን አውቃለሁ?

ወንድምሽ