በእህቴ ስም የሰጠሁት ናሙና

ውድ እታለም፣

ይህን የምጽፍልሽ ሆስፒታሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከስብሰባ ክፍሉ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። እማዬ አጠገቤ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። ከሞትሽ አምስት ሳምንት ሆነ። እስካሁን አላለቀስኩም። ጎረቤቶች «ጠንካራ ልጅ ናት» ይላሉ። ጠንካራ ሆኜ አይደለም። ክንዴ ላይ ተኝቼ ስነሳ እንደሚሆነው ነኝ። ክንዱ አለ፣ ግን የሌላ ሰው ይመስላል።

ለማንም እንዳልናገር ያስማልሽኝን ነገር ዛሬ ልናገር ነው።

ለአንጀት ሕመምሽ የምትውጪው ኪኒን ፊትሽን አሳብጦት ከመስታወት ጋር ከተጣላሽ ወራት አልፎ ነበር። የሱቅሽ ደንበኞች «ወፈርሽሳ፣ ተመቸሽ!» ሲሉሽ አብረሻቸው ትስቂና ቤት ስትገቢ ፊትሽን ትራስ ውስጥ ትቀብሪዋለሽ። ሐኪሙ የሰገራ ምርመራ አዘዘና «የአንጀትሽ ቁጣ መብረዱን ቁጥሩ ካሳየን ኪኒኑን እንቀንሳለን» አለሽ። በማግስቱ ጠዋት የናሙናውን ብልቃጥ ይዘሽ ወደኔ መጣሽ።

«አይጢት፣ አንቺ ስጪልኝ።»

«ምኑን?»

«ምኑን ይመስልሻል? ወርቅ ጠየቅኩሽ እንዴ!»

«እታለም፣ ይሄማ…»

«አንዴ ብቻ። እየተሻለኝ ነው እኮ። ያንቺ ናሙና መዳኔን ትንሽ ቀድሞ ይናገርልኛል፣ በቃ።»

ደም እያየሽ እንደነበር አልነገርሽኝም። እኔም አልጠየቅኩሽም። መጸዳጃ ቤት ስገባ ድምፅ እንዳይሰማብኝ ብለሽ ከውጭ ያለውን ቧንቧ ከፈትሽልኝ። «ይቺ ልጅ ለዚህም ታፍራለች! ልዝፈንልሽ?» አልሽኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ብልቃጧ ላይ ስምሽን በእጄ ጻፍኩ።

ላቦራቶሪ ያደረስኩትም እኔ ነኝ። የተቀበለችኝ ሴትዮ «ምን እንደምንፈልግበት ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ወረፋው ረጅም ነበር፣ እሷ ግን ቆማ አስረዳችኝ። ካልፕሮቴክቲን የሚባል ካልሲየም የሚይዝ ፕሮቲን አለ። ነጭ የደም ሴሎች ተሸክመውት ይዞራሉ። አንጀት ሲቆጣ ወደዚያ ይሮጡና ይፈነዳሉ፣ ፕሮቲኑም ይፈስሳል። ጀርሞች ለመኖር የሚያስፈልጋቸውን ዚንክ የሚባል ማዕድን ይነጥቃቸዋል፣ ያስርባቸዋል፤ ሌሎች ሴሎችም ለእርዳታ እንዲመጡ ይጣራል። «የእህትሽ ችግር» አለችኝ፣ «ጠላት በሌለበትም መጣራቱን አያቆምም። የሚመጡት ደግሞ የገዛ አንጀቷን ያቃጥላሉ።» ከሰባተኛ ክፍል ወዲያ ስላልተማርኩ ሁሉንም አልያዝኩትም። ይህን ግን ያዝኩ።

ከሃምሳ በታች ደህና ነው። ያንቺ ከዚያ በፊት ዘጠኝ መቶ ነበር። አሁን አሥራ ስምንት ሆነ። ሴትዮዋ ውጤቱን ስትሰጠኝ ደስ ብሏት ትከሻዬን ያዘች። «አየሽ፣ ቤቱ ጸጥ አለ!» አለች። ጸጥ ያለው የኔ ሆድ ነበር።

ሐኪሙ ኪኒኑን ቀነሰልሽና ለስድስት ሳምንት ያህል የድሮው ፊትሽ ተመለሰ። ፎቶ ተነሳሽ። ከዚያ ደሙ በርትቶ መጣና ሆስፒታል አልጋ ያዝሽ። ሐኪሙ ፋይልሽን እያገላበጠ «በአሥራ ስምንት?» ሲል እግርጌሽ ቆሜ ነበር። አየሽኝ። ራስሽን በትንሹ ነቀነቅሽልኝ፣ እንዳትናገሪ ማለትሽ ነው። ዝም አልኩ። ያንን ቁጥር አምነው ሌላ በሽታ ሲፈልጉ ሁለት ቀን አለፈ። ማታ ማታ የማስበው ኪኒኑ ስለመቀነሱ አይደለም። ስለእነዚያ ሁለት ቀናት ነው። የምናገርበት አፍ ነበረኝ።

እማዬ አሁን «ያቺ የላቦራቶሪ ሴትዮ ናሙና አቀያይራ ልጄን ገደለችብኝ» ብላ ከሳታለች። ከሥራ አግደዋታል። የሚወሰንባት ዛሬ ነው። ቅድም በፊታችን አለፈች። ነጩን ካፖርት አልለበሰችም፣ ቡናማ ሹራብ ነው የለበሰችው። እማዬ ፊቷን አዞረችባት። ሴትዮዋ ግን ቆም ብላ «እንዴት ነሽ የኔ ልጅ?» አለችኝ። ጫማዬን አየሁ።

የተቀየረው ላቦራቶሪ ውስጥ አይደለም፣ እቤታችን ነው። ይህን ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ዛሬ ሦስት ጊዜ ልናገር ሞከርኩ። «እማዬ» ስላት «ውሃ ጠማሽ?» ትለኛለች። በአዎንታ አንገቴን እነቀንቃለሁና ሄዳ ታመጣልኛለች። ሦስት ጊዜ ጠጣሁ። ድምፄ ከጉሮሮዬ አልፎ እንደማይወጣ ታውቂያለሽ፣ አይጢት ያልሽኝም ለዚሁ ነው። ስለዚህ ጻፍኩት።

እታለም፣ ቃሌን አፈረስኩ። ከፈለግሽ ተቀየሚኝ። ብትቀየሚኝ እንኳ የሆነ ነገር ይሰማኝ ይሆናል። እማዬ ግን አንቺን እንድትቀየም አልፈልግም፤ ስሙን የጻፈው እጅ የኔ ነው። ደህና ሁኚ። የሴትዮዋን ስም ሳይጠሩ በፊት ወረቀቱን ለእማዬ እሰጣታለሁ።

እማዬ፣ እዚህ ስትደርሺ ቀና በይ። አጠገብሽ ነኝ። ገብተሽ ንገሪያቸው፣ እኔም አብሬሽ እገባለሁ።

ልጅሽ