ፍሪጄ በሊቀመንበሩ ሳሎን

ጥር 3 ቀን 1971

ሐሙስ። ገበያ ወጥቼ ብርዜን ሳልሸጥ ተመለስኩ። ሞቀ። ሞቃት ብርዝ ማን ይጠጣል? አንዱ የበርበሬ ነጋዴ ቀመሰና «ፈድሊያ፣ ይሄ እኮ የበሽተኛ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ድሮ ከአሰንዳቦ የሚመጣ ሾፌር ሳይቀር መኪናውን አቁሞ ነበር የሚጠጣልኝ። ጥርስ የሚያም ቀዝቃዛ...

ፍሪጄን ከወሰዱት ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። የቀበሌው ሊቀመንበር ተክለጻድቅ ራሱ ነው የመጣው፣ ሽጉጡን ወገቡ ላይ ሽጦ። «ለቀበሌው ሱቅ ያስፈልጋል። ለሰፊው ሕዝብ ነው፣ እናቴ።» እናቴ አለኝ ደግሞ። ሰፊው ሕዝብ የሱ ሳሎን ውስጥ ነው መሰለኝ የሚኖረው፣ ፍሪጄ የቆመው እዚያ ነው።

ጀማለዲን፣ አላህ ይዘንለትና፣ ከመሞቱ በፊት የገዛልኝ የመጨረሻ ነገር ነበር። «እኔ ባልኖር ይሄ ያኖርሻል» ብሎ።

አልረሳም። ይኸው ጻፍኩት።

ጥር 7

የሊቀመንበሩ ሚስት ውቢት በአብዮት ጠባቂ አስጠራችኝ። ባሏ ምን ሰማብኝ? ማን ምን አለ? ለካ ፍሪጁ ሸትቶባት ነው። በሩም አልገጥም ብሏል። «እትዬ ፈድሊያ፣ ያንቺ ስለነበር ጠባዩን ታውቂዋለሽ ብዬ ነው።» ያንቺ ስለነበር። ዓይኗን በጨው አጥባ።

ለምን እሺ አልኩ? ፈርቼ ነው። ደግሞ ላየው ናፍቄ። ሁለቱንም ልጻፍ፣ እዚህ ማንን እዋሻለሁ።

ያ ሳሎን መጋዘን ነው። የልብስ ሰፊዋ የተስፋነሽ የስፌት መኪና ጥግ ላይ ተገፍቷል። የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት ሲታሸግ የተወሰዱት አግዳሚ ወንበሮች ላይ የስኳር ጆንያ ተጭኗል። ግድግዳው ላይ ሦስት ሰዓት፣ ሦስቱም የተለያየ የሚቆጥሩ። የሦስት ቤት ሰው ስንት ሰዓት እንደሆነ ሳያውቅ ይኖራል ማለት ነው።

ፍሪጁን ከፈትኩት። ምነው ባልከፈትኩት። ትኩስ ወጥ ከነድስቱ። አንድ ጉንጉን ነጭ ሽንኩርት። ካውያ... ካውያ ፍሪጅ ውስጥ ምን ይሠራል? እርጎዬን አስቀምጥበት በነበረው መደርደሪያ ላይ ቢስሚላህ ያልተባለበት ሥጋ ደሙን ያንጠባጥባል። የእንቁላሉ ቦታ ላይ ጥይት ተደርድሯል፣ አንድ በአንድ። «ተክሌ ነው። እዚያ ሳደርገው አይጠፋብኝም ይላል» አለችኝ።

ሥጋውን በጨርቅ ይዤ አወጣሁት። ሁሉንም አወጣሁ፣ መደርደሪያውን ነቅዬ በሳሙና አጠብኩ። ሥጋ በክዳን ዕቃ ታች፣ ወጥ ከቀዘቀዘ በኋላ መሐል፣ ቅቤ በሩ ላይ፣ ሽንኩርት ውጭ። ካውያው የትም ይሁን። ጥይቱን አልነካሁም። የላይኛው የበረዶ ቤት ጓጉሎ ነበር፣ እሱን ለሌላ ቀን አልኩ።

ስጨርስ ያው የኔ ፍሪጅ ሆነ። ጎኑን በጨርቅ ስወለውል እንባዬ መጣ። ውቢት ሻይ አቀረበችልኝ። አልጠጣሁትም።

ጥር 14

ዛሬም ተጠራሁ። ከጥምቀት ድግስ የተረፈውን ሁሉ ጠቅጥቃበታለች። ከታች ከጥግ አንድ የአምቦ ውኃ ጠርሙስ አገኘሁ፣ አፉ በጨርቅ የተወተፈ። ላወጣው ስል እጄን ያዘችኝ።

«ጠበል ነው። ተክሌ እንዳይሰማ፣ በእናትሽ።»

ባሏ በየስብሰባው ሃይማኖት ማደንዘዣ ነው እያለ ይጮኻል። እሷ ከጥይቱ በታች ጠበል ትደብቃለች። መልሼ አስገባሁት፣ ከፊቱም የቲማቲም ቅርጫት ደቀንኩ።

ማታ አሰብኩበት። በአንዱ ካድሬ ጆሮ ጣል ባደርገው? ግን የሚጎዳው እሷን ብቻ ነው። እኔ የምፈልገው እሱን ነው። እሱን፣ ሕዝብ እያየው።

ጥር 24

ብርዙ ዛሬም ሞቀ። ግማሹን ደፋሁት። ማር የምታመጣልኝ ጎረቤቴ ዙቤይዳ «ሶብሪ ይስጥሽ፣ ትዕግሥቱን» አለችኝ። ሶብሪ አልፈልግም። እሱ ሲዋረድ ማየት ነው የምፈልገው።

የካቲት 8

ገበያ ላይ ውቢት መጣችብኝ። ለቅበላ ሰንጋ አርደዋል። የሚመጣው ሐሙስ ከክፍለ ሀገር ትልልቅ ሰዎች ቤቷ ይጋበዛሉ። ሥጋው ፍሪጁን ሞልቷል፣ የበረዶ ቤቱ ግን ጓጉሎ አላስገባም ብሏል። «በረዶውን በምን ላንሳው፣ እትዬ ፈድሊያ?»

ጀማለዲን ያለኝን መቼም አልረሳው። «በረዶውን በስለት የነካሽ ቀን ፍሪጁን ቅበሪው።» ከበረዶው ሥር እንደ ገለባ የቀጠነች የጋዝ ቧንቧ አለች። ሶኬቱን ነቅሎ፣ ሙቅ ውኃ በሳህን አስገብቶ መጠበቅ ነው እንጂ።

«በቢላ» አልኳት። «ጫፉ ሹል በሆነው። ጠንከር አድርገሽ።»

ቃሉ አምልጦኝ አይደለም። አስቤበት ነው የተናገርኩት። አመስግናኝ ሄደች።

የካቲት 10

እስካሁን ምንም ወሬ የለም።

የካቲት 12

አልሐምዱሊላህ! ሬዲዮና ፍሪጅ የሚጠግነው ሙሐመድሳኒ በደጄ ሲያልፍ ነገረኝ። «ፍስስ ብሎ ነው የሞተው። ወጋችው ሴትየዋ። ጋዙ እዚህ አይገኝም፣ አዲስ አበባ መውሰድ ነው። እኔማ በቃ አልኳቸው።»

በቃ። ፍሪጄ ሞተ። የኔ ነበር፣ ግን ከነሱ ጋር ከሚኖር ይሙት።

ዙቤይዳ ቤት ሮጬ ቢላው የኔ ምክር እንደሆነ ነገርኳት። እስክታነባ ሳቀች። «ወላሂ አንቺ ሰይጣን ነሽ» አለችኝ። ሽማግሌው ባሏ አባቦራ ግን አልሳቁም። «ኢንተኡ፣ ፈድሊያ፣ አይሆንም። እንዲህ ያለ ሰው የጎደለበትን ከሌላ ነው የሚሞላው» አሉ። ሽማግሌ መቼም ፈሪ ነው ብዬ ተውኩት።

የካቲት 15

ግብዣው ዛሬ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ጠበቅኩ። ሥጋው ለካ ሸትቷል፣ ቢራው ሞቋል። እንግዶቹ ሰዓት ሳይሞላ አፍንጫቸውን ይዘው ወጡ። ተክለጻድቅ እየተከተለ «ጓድ... ጓድ...» ይላል። ጀርባቸውን ነው ያናገረው።

ደስ አለኝ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እራቴን ሁለት ጊዜ በላሁ።

የካቲት 17

ውቢት መጣች። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ። ስትገልጠው ግራ ዓይኗ የለም፣ አብጦ ተዘግቷል። ሁለት ጣቷ በጨርቅ ታስሯል።

«በሰው ፊት አዋረድሽኝ ብሎ ነው» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «ሙሐመድሳኒ በስለት እንደማይነካ ነገረኝ። አንቺ ሳታውቂ ቀርተሽ አይደለም።»

የታሰሩ ጣቶቿን አየሁ።

«ማን መከረሽ እያለ ነው የመታኝ። ከራሴ ነው አልኩት። ስምሽን ብጠራ የኢኮኖሚ አሻጥር ብሎ ይወስድሽ ነበር። የት እንደሚወስድሽ ታውቂዋለሽ።»

«ለምን አልነገርሽውም?»

«አንቺስ ጠበሌን ለሰው ነግረሻል?»

ብላኝ ወጣች። ውኃ እንኳ አላቀረብኩላት።

ጠበሉን ያልነገርኩት ለሷ አዝኜ አይደለም። ሒሳቤ ሌላ ስለነበር ነው። ይህን ብነግራትስ? ፍሪጄን ወሰዱ፣ አሁን ደግሞ ንዴቴን ልትወስድብኝ መጣች። እሷን እንደፈለግሁ መጥላት አቃተኝ። እሱ ላይ ያለኝ ግን እንዳለ ነው።

የካቲት 20

ጠዋት አራት አብዮት ጠባቂዎች ፍሪጁን ተሸክመው መጥተው ደጄ ላይ ጣሉት። «ንብረትሽን ተረከቢ፣ ፈርሚ።» ፈረምኩ።

ይህን ካራገፉ በኋላ ወደየት እንደሄዱ አይቻለሁ። አባቦራ ግቢ። የሳቸውን ፍሪጅ ለሰፊው ሕዝብ ወሰዱት። አባቦራ የስኳር በሽተኛ ናቸው፣ የመርፌያቸው መድኃኒት እዚያ ነበር የሚቀመጠው። ዙቤይዳ ብልቃጦቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ማሰሮ ውስጥ አድርጋለች አሉ።

ሄጄ ልያቸው ይሆን? እንዴት ብዬ?

ማታ የሞተውን ፍሪጅ አጥቤ ቁም ሳጥን አደረግሁት። ላይ በርበሬና ጨው፣ መሐል ሰሃን፣ ታች የጀማለዲን ልብስ። ሁሉም ልክ ገባ።

የካቲት 21

አባቦራ ጋ ሄድኩ። ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት «ማል ጎና» አሉኝ። ምን እናድርግ እንግዲህ ማለታቸው ነው። እግራቸው አብጧል። ዙቤይዳ ከጓዳ አልወጣችም።

የካቲት 23

ውቢት አስጠራችኝ። አዲሱን፣ የአባቦራን ፍሪጅ እንድደረድርላት። አልሄድም ብዬ ነበር። ከዚያ ዓይኗ ትዝ አለኝ። ይኸኛው ደግሞ ቢበላሽ የማን ዓይን፣ የማን ቤት?

ሄድኩ። ምንም ሳልደብቅ ሁሉን አሳየኋት። ሶኬቱን ነቅላ፣ ሙቅ ውኃ በሳህን አስገብታ፣ እስኪለቅ መጠበቅ እንዳለባት። በሩን ቶሎ ቶሎ እንዳትከፍት። ሁለት ጊዜ አስደገምኳት። በሩ ውስጥ ከቅቤው አጠገብ አንዲት የመድኃኒት ብልቃጥ ተረስታ አገኘሁ። ውቢት አየችኝ፣ ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ብልቃጧን ጡቴ ሥር ሸጎጥኩ።

ከግቢው ስወጣ ዙቤይዳ ከበሩ ትይዩ ቆማለች። እጄ እስከ ክርኔ እርጥብ ነው፣ ጨርቁም ትከሻዬ ላይ። «አሰላሙ ዓለይኩም» አልኳት። ብልቃጧን አውጥቼ ዘረጋሁላት። ከእጄ ወሰደች።

«ደህና አድርገሽ ደረደርሽላት?» አለችኝ።

ሰላምታዬን አልመለሰችም። ቆማ አየችኝ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ፣ ቀስ ብላ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። ከዓመት በላይ ውቢትን ሳይበት የኖርኩት ነው።