በመመዝገቢያ ገጹ ላይ ያለችው ልብስ ሰፊ

ሰኞ፣ ማርች 3

መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ጄኔሬተሩ እያጓራብን ዋልን። ኩማሲ ነው፣ ምን ይደረግ።

አለቃ ኦፖኩ ሰበሰበን። ለልብስ ሰፊዎች የሠራነው የቀጠሮ መተግበሪያ ሰው አጥቷል። ሰፊዎቹ መመዝገቢያ ገጹ ድረስ ይመጣሉ፣ ያያሉ፣ ይወጣሉ። ምን ይገርማል? ገጹ እኮ የክሊኒክ ካርድ ክፍል ነው የሚመስለው። ስም፣ የአባት ስም፣ አድራሻ፣ የትውልድ ዘመን... ቀጠሮ ልትይዝበት ነው ወይስ ፓስፖርት ልታወጣ?

የአለቃ መፍትሔ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ከውጭ የተገዛ ሥዕል! ሐምራዊ ሰዎች፣ እግራቸው ረጅም፣ ጭንቅላታቸው ሎሚ የሚያክል።

«አለቃ፣ ሐምራዊ ሰው የት አይተው ያውቃሉ?» አልኩ። ኮድ ጸሐፊያችን ኤቦ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«እሺ ሴርዋ፣ ገጹን አንቺ ሥሪው፣ ሥዕሉም ያንቺ ይሁን። እስከ ወሩ መጨረሻ ተመዝጋቢ ካልጨመረ ግን ሐምራዊዎቹ ይገባሉ፣ አንቺም ወደ ማስታወቂያ ባነር ሥራሽ ትመለሻለሽ።»

ባነር... ሞቼ ነው የምመለሰው! ይኼን ሥራ አለቅም።

ሐሙስ፣ ማርች 6

የነጻነት በዓል። ውጭ ተማሪዎች ሲሰለፉ፣ ከበሮ ሲደለቅ፣ እኔ ቤቴ ስሥል ዋልኩ። ወፍራም፣ ሳቂታ ልብስ ሰፊ። ሜትር አንገቷ ላይ፣ እጇን ዘርግታ «ነይ ግቢ» የምትል። ራሴው ወደድኳት። ጥያቄዎቹንም ጠረግኳቸው፣ ስምና ስልክ ብቻ ቀረ።

ማክሰኞ፣ ማርች 11

«ሴርዋ፣ ሴትዮሽ ለፎርሙ ጀርባዋን ሰጥታለች እኮ» አለ ኤቦ።

እውነቱን ነው። ፎርሙ ወዲያ፣ እሷ ወዲህ። አንድ ጊዜ ጠቅ... እንደ መስታወት ገለበጥኳት። ፊቷ ዞረ፣ እጇም ፎርሙን ያሳያል። ቢሮው በሙሉ አጨበጨበ። ዛሬውኑ ተለጠፈች።

ዓርብ፣ ማርች 14

ተመዝጋቢው ጭራሽ ቀነሰ! እንዴት? አንዷ ሰፊ ደግሞ መልእክት ልካለች፦ «ሴትዮዋን ምን አድርገናት ነው?» ምን ማለቷ ነው? ኤቦም አልገባውም። አለቃ ሥዕሉን ቆሞ አይቶ ሄደ። ሐምራዊዎቹን እያሰበ ይሆናል። ያስብ። ሥዕሌ ጥሩ ነው።

...ነው አይደል?

ቅዳሜ፣ ማርች 15

ጉድ ነው የሠራሁት!

መንገድ ዳር ምግብ ሻጯ ማሜ ፎስዋ ጋ ምሳ ልገዛ ሄድኩ። ሩዝና ባቄላውን በቅጠል ጠቅልላ ዘረጋችልኝ። ቀኝ እጄ ስልኩን ይዟል፣ ገጹን እያየሁ ነበር። ግራዬን ሰደድኩ። ምግቡን መልሳ ሳበችው።

«አንቺ ልጅ፣ ምን አድርጌሽ ነው?»

«ኧረ ይቅርታ ማሜ፣ ስልኩን ይዤ እኮ...»

«እንግዲያው ስልኩን ብይዋ!» ተሰልፎ የቆመው ሁሉ ሳቀብኝ።

ስልኩን ቦርሳዬ ልክተት ስል ዓይኔ ሴትዮዋ ላይ አረፈ። ግራ እጇ! ስገለብጣት ቀኟ ግራ ሆኗል! እኛ ዘንድ በግራ መስጠት፣ በግራ መጥራት ስድብ ነው። በዚህ ጉዳይ ከእናቴ ያልቀመስኩት ኩርኩም የለም። እኔ ግን የከተማውን ሰፊ ሁሉ ስልኩ ላይ ገብቼ ሰደብኩት። በጣም አፈርኩ... ከዚያ ሳቄ መጣ። ምክንያቱ ታወቀ አይደል? ታዲያ ይስተካከላላ!

ሰኞ፣ ማርች 17

እንደ አዲስ ሣልኳት። መገልበጥ የሚባል ነገር የለም። ፎርሙን ከሥሯ አደረግኩት፣ በቀኝ እጇ ታሳያለች። ይዤ አለቃ ጋ ገባሁ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ገልብጬያት ነው። ሐምራዊዎቹን ግን አልቀበልም» አልኩ።

«የተለጠፈች ቀን አይቼዋለሁ» አለ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» ተናደድኩ፣ አልዋሽም። ይኼን ሥራ ላጣ ነበር እኮ!

ግራ እጁን ተመለከተ። ከዚያ፦ «ግራኝ ነኝ፣ ሴርዋ። ልጅ ሆኜ እጄን ከወንበር ጋር ያስሩት ነበር። እሷን ሳይ... ስህተት ናት ማለት አቃተኝ።»

ይኼን ሁሉ ጊዜ አብሬው ስሠራ፣ በግራው ብዕር እንኳ ሲያነሳ አይቼ አላውቅም። ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ። ለአለቃ «አይዞዎት» ይባላል? አላልኩም። አንጀቴን ግን በላው።

«ታዲያ በቀኟ ትሁን?» አልኩት።

«ትሁን። ሰው እንዲገባልን ነው የምንፈልገው።»

ሰኞ፣ ማርች 31

ተመዝጋቢው ጎረፈ! ኤቦ ጠረጴዛ እየደበደበ ጨፈረ። እኔ? «ብያችሁ አልነበር?» እያልኩ ቢሮውን ዞርኩት። ይፈቀድልኛል።

ከሰዓት አለቃ ሁሉንም ሰበሰበ። ሐምራዊዎቹ ቀሩ። የቀሩት ገጾች በሙሉ የኔ ናቸው፣ ሥዕሉም አሠራሩም። የገጾቹን ፋይል አንስቶ ዘረጋልኝ... በግራ እጁ። ሰው ሁሉ እያየ። ኤቦ አፉን ከፍቶ ቀረ። አለቃ ስለ ግራው ይቅርታ አላለም።

እኔም በግራዬ ተቀበልኩት።